ቀላል ለማን?

ቦንጋ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነች አንዲት ወጣት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ሲቪ ታዘጋጃለች፣ የኪራይ ውል ታትማለች፣ ለተማሪዎች ፎርም ትሞላለች። መተዳደሪያዋ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ናቸው። ባለፈው ክረምት ኮምፒውተሩ ደከመባት። ጠዋት አብርታው ሱቋን ጠርጋ ስትጨርስ እሱ ገና እየተነሣ ነው። ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ ስትሰካ ደግሞ የሰውዬው ፋይሎች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ ይላሉ። ይህን ቫይረስ የማያውቅ የጽሕፈት ሱቅ በሀገራችን ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ብቅ አልኩ። "ጋሼ፣ እንዲህ ያለው ቫይረስ የማይዘው ነጻ ሶፍትዌር አለ ይላሉ። እባክዎ ቀላሉን ይጫኑልኝ" አለችኝ።

ጫንኩላት። የኮምፒውተሩ ራም 2 ጊጋባይት ብቻ ስለነበር፣ ሊኑክስ ከሚባለው የነጻ ስርዓተ ክወና ቤተሰብ በክብደት እጅግ አነስተኛ ከሆኑት አንዱን መረጥኩ። ያ እንቅልፋም ማሽን ዓይኗ እያየ ነቃ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለማሽኑ ቀሎታል፤ ለእኔ ግን ከብዶኛል።"

ሄጄ አየሁት። አማርኛ መጻፍ አልቻለችም። ፍላሽ ስትሰካ የት ገባ እያለች ትፈልጋለች። ዋይፋዩ የሚከፈተው እሷ በለመደችው ቦታ አይደለም። ፕሪንተሩንማ ኮምፒውተሩ ጨርሶ አላየውም። ደንበኞች ተሰልፈው እየጠበቁ ኮምፒውተሩ በፍጥነት ተነሥቶ ምንም አይሠራም። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አልነበረም፤ ለሚያውቀው ሰው ግሩም ነገር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ "ቀላሉን" ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አማርኛችን "ቀላል" በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። ዘንቢሉ ቀላል ነው ስንል አይከብድም ማለታችን ነው፤ ፈተናው ቀላል ነው ስንል አያስቸግርም ማለታችን ነው። በኮምፒውተር ዓለም ግን እነዚህ ሁለት ቀላሎች ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ለምሳሌው ከምንኖርበት ከከፋ መውጣት አያስፈልገኝም። የጫካ ማር የሚያመርት ሰው ባህላዊውን ቀፎ በገመድ ጎትቶ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ባዶ ቀፎ ለሸክም ቀላል ነው። ማሩን በሌሊት፣ ጭስ ይዞ፣ ከዛፉ ላይ ማውረድ ግን ለለመደ ሰው የሚተው ሥራ ነው። እኔ ለጎረቤቴ ቀፎውን ሰቅዬላት ሄድኩ፤ ዛፍ ትወጪያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ለመሆኑ ክብደቱ ያለው የት ነው? ሊኑክስ የሚባለው ዋናው አስኳል፣ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ በቀላሉም በከባዱም ውስጥ ያው ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከላይ ከሚለብሰው ነው፤ መስኮቶቹን፣ ምናሌውንና ምስሎቹን ከሚያሳየን የዴስክቶፕ ክፍል። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የሚለብሰው ግኖምና ሌላው ባለ ሙሉ ልብስ ኬዲኢ ፕላዝማ ሁሉን አሟልተው የሚመጡ ናቸው። ኤክስኤፍሲኢ መካከለኛው ነው። ኤልኤክስኪውቲ ከእሱ ያንሳል። እንደ አንቲኤክስ ያሉት ደግሞ መስኮት ከመክፈትና ከመዝጋት ብዙም የማያልፍ ስስ ነጠላ ለብሰው ይወጣሉ። ግኖም ገና ምንም ሳይከፈትበት ወደ 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ራም ሲይዝ፣ ስሶቹ በጥቂት መቶ ሜጋባይት ይኖራሉ። የኡቡንቱ 24.04 አዘጋጆች 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃሉ። ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ይላል፤ ለምቾት ግን 4 ቢሆን ይመክራል።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይቶ "እንግዲያው ስሱ ይሻላል" የሚል ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ቤቱ ቢቀልም እንግዳው አልቀለለም። እንግዳው ብሮውዘር ነው። ዩቲዩብ፣ ኢሜይል፣ ቴሌግራምና አንድ የመንግሥት ፎርም በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ ብሮውዘሩ ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይበላል፤ ከታች ያለው ዴስክቶፕ ስስ ይሁን ወፍራም ግድ የለውም። ስለዚህ ከግኖም ወደ ኤልኤክስኪውቲ በመውረድ የምናተርፋት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ፣ 2 ጊጋባይት ላለው ሰው ነፍስ ማዳን ናት፤ 8 ጊጋባይት ላለው ግን ከምንም አትቆጠርም። ባለ 8ቱ ሰው ምቾቱን ትቶ ስሱን ቢመርጥ፣ ሰፊ ቤት እያለው በረንዳ ላይ እንደሚያድር ነው።

ቀላልነትም ቢሆን ለዘላለም የሚጸና አይደለም። ለደካማ ማሽኖች የታሰበ ነው ሲባል የኖረው ሉቡንቱ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ትኩረቱ ከእንግዲህ አሮጌ ኮምፒውተር እንዳልሆነ አስታወቀ። ኡቡንቱ በጣም አሮጌዎቹ ማሽኖች የሚፈልጉትን የ32 ቢት የዴስክቶፕ ቅጂ ያቆመው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የብዙዎቹ አባት የሆነው ዴቢያንም በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛ አላዘጋጀም። "ሊኑክስ ማንኛውም አሮጌ ብረት ላይ ይነሣል" የሚለው ወሬ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት የነበረውን ያህል እውነት አይደለም።

ለእኛ ግን ከራም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ አማርኛ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆነ፤ ቦንጋም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት። የአካባቢው ቋንቋ ካፊኖኖ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ያለው ቁልፍ ሰሌዳ ይበቃዋል። ስለዚህ እዚህ አንድ ጸሐፊ በአንድ ጠዋት በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይጽፋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ከሁለት ቁልፍ በላይ ሊፈጅበት አይገባም።

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ ዛሬ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ አማርኛ ማንበብ አይቸግርም። ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት፣ ድምፁን በላቲን ፊደል እየተየቡ ግዕዙን የሚያወጡበት ሴራ የሚባል ሥርዓት አለ። ስሙ ሴራ ቢሆንም ተንኮል የለበትም፤ ውለታው ብዙ ነው። ይህ ሥርዓት በሊኑክስ ላይ አይባስ በሚባል መሣሪያ በኩል ይሠራል። ግኖም አይባስን ከራሱ ጋር አዋህዶ ስለሚመጣ፣ አንድ ተጨማሪ ጥቅል ከጫኑ በኋላ ከማስተካከያው ውስጥ አማርኛን መምረጥ ነው። ስሶቹ ላይ ግን አይባስን ራስዎ ይጭናሉ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ ያዝዛሉ፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች እንዲያውቁት በጽሑፍ ፋይል ውስጥ መስመር ይጨምራሉ። ለእኔ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ለጎረቤቴ ግን ያው ዛፍ መውጣት ነው።

ሌላም አለ። በየቢሮው የተቀመጡ የቆዩ ሰነዶች ብዙዎቹ ዩኒኮድን ባልተከተሉ የድሮ ፎንቶች የተተየቡ ናቸው። ፎንቱ ካልተጫነ ሰነዱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ይህ በቀላሉም በከባዱም ላይ ያጋጥማል። አዲስ ስርዓተ ክወና ከመጫን በፊት ፎንቶቹን በፍላሽ መገልበጥ የሚረሳ ሰው በኋላ ያለቅሳል።

ሁለተኛው የእኛ ጥያቄ ዳታ ነው። የኡቡንቱ መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት ደርሷል። የሚንት ባለ ኤክስኤፍሲኢ ቅጂ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ፐፒ ሊኑክስ ግን ጥቂት መቶ ሜጋባይት ብቻ ነው። በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት የብር ልዩነት ነው። ነገሩ በማውረድም አያበቃም። ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ጨምሮ አንዳንድ ፕሮግራሞችን የሚያመጣው ስናፕ በሚባል መንገድ ነው፤ ስናፕ ደግሞ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል። ገደብ የሌለው ኢንተርኔት ባለበት ሀገር ይህ ቸርነት ነው። እዚህ ግን ጠዋት የገዙት ጥቅል እኩለ ቀን ላይ የት ገባ ያሰኛል። ሚንት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስናፕን ከበሩ መልሶታል፤ የምወድለት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ደግነቱ መጫኛውን ሁሉም ሰው ማውረድ የለበትም። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ያ ቀርቷል፤ ፈቃዱ ግን አልቀረም። አንድ ሰው ያወረደውን ለመቶ ሰው በፍላሽ መገልበጥ ይችላል። ክራክ ፍለጋ የለም፣ ከክራኩ ጋር የሚመጣ ቫይረስ የለም፣ መሳቀቅ የለም። ሶፍትዌሩን "ነጻ" ስንለው ብዙዎቻችን የሚታየን ገንዘቡ ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነጻነት ይህ በአደባባይ መቀባበሉ ነው።

ለከባዶቹም ጠበቃ ልቁምላቸው። አንድ ዴስክቶፕ የሚከብደው በከንቱ አይደለም። ፕሪንተር ሲሰካ የሚያውቀው፣ ፕሮጀክተር ሲገናኝ ምስሉን የሚያስተካክለው፣ ብሉቱዝ የሚፈልገው፣ ፍላሽ ሲገባ ብቅ ብሎ የሚያሳየው፣ ይህ ሁሉ ከጀርባ የሚሠራ አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። ማየት ለተሳነው ተጠቃሚ ስክሪኑን የሚያነብለት ኦርካ የሚባል ፕሮግራም ከግኖም ጋር ተዋህዶ ይሠራል፤ ስሶቹ ላይ እንዲህ ያለውን ምቾት መጠበቅ ያስቸግራል። ከምናወልቀው ልብስ ውስጥ ለሌላ ሰው ዓይን የሆነው ሊኖርበት ይችላል።

ይህ ምርጫ ደግሞ ከአሁን በኋላ የጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና በአብዛኛው ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡ ፕሮሰሰሮችን ይፈልጋል። በውጭ ሀገር አገልግለው ወደ ሀገራችን የሚገቡት ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። በየሱቁና በየትምህርት ቤቱ ያሉት ማሽኖች ጤነኛ ሆነው ሳለ ጡረታ እየወጡ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም ይባላል፤ ለኮምፒውተርም ይሠራል። ራሙ ከ2 ጊጋባይት በታች ከሆነና የሚጠቀምበት ሰው መማር የማይታክተው ከሆነ፣ አንቲኤክስ ወይም ፐፒ ይጫን። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ያለው ሰው ኡቡንቱን ወይም ኬዲኢን ያለ ሐሳብ ይጫን። በመካከል ላለነው ለብዙዎቻችን፣ በተለይ በአማርኛ ጽፎ ለሚያድር ሰው፣ ባለ ኤክስኤፍሲኢ ሊኑክስ ሚንት ወይም ያንኑ የሚለብሰው ዙቡንቱ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን እጅ ላይ ገንዘብ ካለ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥና አንድ ራም መጨመር ይቅደም። ስርዓት በማቅለል የማይገኘውን ፍጥነት ያ ይሰጣል።

ለጎረቤቴም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ራሙን ወደ 4 ጊጋባይት አሳደገች፣ አነስተኛ ኤስኤስዲ ገዛች፣ እኔም ባለ ኤክስኤፍሲኢ ሚንት ጫንኩላት። በዚህኛው ዙር ግን ሳልጭን በፊት ከፍላሹ ላይ አስነሣሁት፤ ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ እንዲህ መሞከርን ይፈቅዳል። ዋይፋዩን እሷ ራሷ ከፈተች፣ ፕሪንተሩን አገናኘች፣ አይባስን አብረን አስተካክለን በአማርኛ አንድ ማመልከቻ ጽፋ አተመች። ኮምፒውተሩ እንደ መጀመሪያው ስስ ስርዓት ፈጥኖ አይነሣም፤ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

ለአንባቢ አንድ ቃል አለኝ። በየከተማው ኮምፒውተር የሚያስተምሩ፣ የሚጠግኑ፣ ቤተ ሙከራ የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሦስቱን መጫኛዎች፣ ከባዱን፣ መካከለኛውንና ስሱን፣ በአንድ ዲስክ ላይ ቢያስቀምጥ፣ የከተማው ሰው በየግሉ ዳታ ማቃጠል አይኖርበትም። በእኔ በኩል ቦንጋ ውስጥ ለሚያውቁኝ በሬ ክፍት ነው፤ ባዶ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እገለብጥላችኋለሁ። ከመጫናችን በፊት ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ራሱ ይምጣና በአማርኛ አንድ ገጽ ይጻፍበት።