የለካችሁት የት አለ?

ሞተሩ ጉልበት እንዲጨምርለት ቴስታታውን፣ ማለትም ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን ራስ፣ የሚያሠራ ሰው ማሽን ሾፕ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ደሞዙን አጠራቅሞ አሮጌ ዲኤክስ መኪና ላይ ለማዋል የቆረጠ ወጣት ለምን ሌላውን አይጠይቅም? ምን ትለካላችሁ? በምን መሣሪያ? ከመነካቱ በፊት የነበረውንና ከሥራው በኋላ ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ትሰጡኛላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቴስታታ ብዙ ጊዜ ታጥቦ፣ ተልጎና አብለጭልጮ ይመለሳል፤ ወረቀት ግን አብሮት አይመጣም። ማብለጭለጩ ስለ ምን ይመሰክራል? ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም።

የቫልቩ ግንድ ከሚንሸራተትበት ከጋይዱ እንጀምር። የቫልቭ መቀመጫውን የሚቆርጠው መሣሪያ ማዕከሉን የሚያገኘው በጋይዱ ቀዳዳ በሚገባ ዘንግ ነው። ጋይዱ ከላላ ዘንጉ ይዋልላል፤ መቀመጫውም ከማዕከሉ ይወጣል። ታዲያ ጋይዱን ሳይለካ “መቀመጫውን ቆርጫለሁ” የሚል ባለሙያ ምን ተማምኖ ነው የቆረጠው? በቶዮታ 4ኤ ሞተር በመግቢያ ቫልቩ ግንድና በጋይዱ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት ከ0.025 እስከ 0.060 ሚሊሜትር ነው፤ ከ0.08 ካለፈ ጋይዱ መቀየር አለበት። ይህን ልዩነት ቫልቩን በጣቱ እያወዛወዘ የሚለይ ማን ነው?

የመቀመጫው ስፋትስ? እዚያው ሞተር ላይ ከ1.0 እስከ 1.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ሲጠብ ቫልቩ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክብበት ቦታ ያንሰዋል፤ የጭስ መውጫው ቫልቭ ይቃጠላል። ሲሰፋ ደግሞ የስፕሪንጉ ኃይል ይበተንና ካርቦን እየተጋገረበት በደንብ መግጠም ይሳነዋል። በ45 ዲግሪ ከሚቆረጠው መቀመጫ ግራና ቀኝ በ30 እና በ60 ዲግሪ የሚቆረጡት ማዕዘኖች ይህን ስፋት ይወስናሉ፤ አየሩም ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ጉልበት ፈላጊ ደንበኛ ገንዘቡን አስቀድሞ ማፍሰስ ያለበት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ቫልቩን በፓስታ አሻሽቶ መመለስ የዚህ ምትክ ይሆናል? ፈጽሞ አይሆንም።

ፖርት ማስፋት ግን ለምን እንዲህ ተወደደ? በዓይን ስለሚታይ ይሆን? ቀዳዳው ከልክ በላይ ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ሲሊንደሩ በቅጡ አይሞላም፤ ከተማ ውስጥ ከመብራት መብራት ለሚነዳ ሰው መኪናው ይሰንፍበታል። ቶዮታ ራሱ ምን አደረገ? የመጀመሪያዎቹ 4ኤ-ጂኢ ሞተሮች ሰፊ ፖርት ስለነበራቸው፣ በዝቅተኛ ዙር ከየሲሊንደሩ ሁለት የአየር መግቢያ መንገዶች አንዱን የሚዘጋ ቲ-ቪስ የተባለ ሥርዓት ተገጥሞላቸው ነበር። በኋላ የመጣው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ፖርቱ ጠቦ፣ ቲ-ቪሱ ተነሥቶ፣ ኮምፕሬሽኑ ወደ 10.3 ከፍ ብሎ ወጣ፤ በጉልበትም ከፊተኛው አላነሰም። መሐንዲሶች አጥብበው ያወጡትን ቀዳዳ በእጅ መሞረጃ የሚያሰፋ ሰው ከእነሱ በላይ ምን ለክቶ ነው?

የአየር ፍሰት መለኪያ ያላቸው የውጭ አገር ሾፖችም ከጥያቄ አያመልጡም። ከአሜሪካ የተሠራ ቴስታታ ለማስመጣት የሚያስብ ሰው የሚነገረውን የፍሰት ቁጥር ሲሰማ፣ በስንት ግፊት ነው የተለካው ይበል። በ28 ኢንች የውኃ ግፊት 167 ያሳየ ቴስታታ በ10 ኢንች ሲለካ 100 ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ብረቱ ያው ነው። ቫልቩ ስንት ሚሊሜትር ተከፍቶ? ስንት ስፋት ባለው ሲሊንደር ላይ ተቀምጦ? እነዚህ ያልተጻፉበት ቁጥር ማስታወቂያ ነው።

“ትንሽ ላግልኝ፣ ኮምፕሬሽኑ ይጨምር” የሚለውም አለ። በ81 ሚሊሜትር ሲሊንደር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ማንሣት ከማቃጠያ ክፍሉ ወደ 2.6 ሲሲ ይወስዳል፤ 9.4 የነበረው ኮምፕሬሽን ወደ 9.9 ይጠጋል። ቫልቩስ ለፒስቶኑ ምን ያህል ቀረበ? ካሙ ወደ ክራንኩ ስለተጠጋ ታይሚንጉ ምን ያህል ተዛባ? ፈልቶ የተጣመመ የአሉሚኒየም ቴስታታ ከሆነማ ነገሩ ይብሳል። የሚጣመመው ታቹ ብቻ አይደለም፤ ካሙ የሚተኛበት መስመርም አብሮ ይጎብጣል። ታቹን ልጎ ቀጥ ያደረገ ሰው ላዩን እንደ ጎበጠ ትቶታል፤ ካሙ ሲታሰር በእጅ አልዞርም ይላል፣ ሲከፋም ይሰበራል። “ካሙን አስራችሁ አዙራችሁ አያችሁት?” ብሎ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን ያስፈልጋል? ስንጥቁንስ በምን ፈተሻችሁት? በማግኔት የሚደረገው ፍተሻ ለብረት ቴስታታ እንጂ ለአሉሚኒየም አይሠራም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ባለሙያው ለደንበኛው የማያነሣው ጥያቄ ነው፤ መኪናህን የት ነው የምትነዳው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ሳያንኳኳ ይሸከማል። ያው መኪና ቅዳሜ ወደ አዋሽ ቢወርድስ? እዚያ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። መርካቶ ዳገት ላይ ደህና የነበረው ሞተር ሜዳው ላይ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱን ችላ ብሎ የሚነዳ ደግሞ ፒስቶኑን ይበሳል። ቴስታታ ከመላጉ በፊት ይህን ያልጠየቀ ሾፕ ለማን መኪና ነው የሚሠራው?

“ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት እጄ ያውቀዋል” የሚል መልስ ይመጣል። ያንን እጅ አከብራለሁ። ዘመናዊ የመቀመጫ መቁረጫ ማሽን ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ የሌለውን ሾፕ ስለሌለው አልወቅስም። ዳያል ጌጅ፣ ማይክሮሜትር፣ ፊለር ጌጅና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ግን ስንት ነው? ደብተርና እስክሪብቶስ? አሮጌ ማሽን ይዞ ልኬቱን የሚጽፍ ሾፕና አዲስ ማሽን ይዞ የማይጽፍ ሾፕ ቢቀርብልኝ፣ ወደ አሮጌው ነው የምሄደው።

ባለመኪናውስ መቼ መረጠ? ቴስታታውን ፈቶ፣ ተሸክሞ ወደሚያውቀው ሾፕ የሚወስደው መካኒኩ ነው፤ ከፋዩ ሾፑን በዓይኑ ሳያየው ሥራው ያልቃል። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ውኃና ዘይቱ ሲቀላቀል መካኒኩ “ሾፑ በደንብ አልላገውም” ይላል፤ ሾፑ “መካኒኩ ብሎኑን በልኩ አላሰረውም” ይላል። ቴስታታው ከሾፑ ሲወጣ ቀጥነቱ ከ0.05 ሚሊሜትር በታች እንደነበረ የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለ፣ ባለመኪናው የትኛውን ይዞ ነው የሚከራከረው?