ምንጣፍ ላይ ቅቤና ቡና ሲፈስ

መስቀል ሲቃረብ በቡኢና በመላው የሶዶ አካባቢ የማይጸዳ ቤት የለም። አዲስ አበባ የሚኖረው ዘመድ በቡታጅራ መንገድ ተሳፍሮ ይመጣል፤ አንዷ ጅባዋን፣ ሌላዋም በቁጠባ የገዛችውን ምንጣፍ ለእንግዳ ታነጥፋለች። የጉራጌ መስቀል ያለ ክትፎ፣ ክትፎም ያለ ንጥር ቅቤ አይሆንምና እንግዳ በበዛበት ቤት ምንጣፍ ላይ አንድ ነገር መፍሰሱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ምንጣፉን የሚያበላሸው የፈሰሰው ነገር ሳይሆን ከዚያ በኋላ በጥድፊያ የሚደረገው ነው። ከሁሉም የከፋው በረኪና ማፍሰስ ነው። በረኪና ለነጭ የጥጥ ልብስ ይሆናል፤ ሱፍን ግን ይበላል። የበግ ጠጉር በረኪና ውስጥ ቢዘፈዘፍ እየሟሟ ያልቃል። ባለቀለም ምንጣፍ ላይ ደግሞ ከእድፉ ይልቅ የሚያስጠላ ነጭ ጠባሳ ይተዋል።

እድፍ ሲያጋጥም የሚከተለውን ቅደም ተከተል ጠብቁ። በመጀመሪያ ጠጣሩን በማንኪያ አንሡ። ቀጥሎ ፈሳሹን በንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጭናችሁ አስመጥጡ እንጂ አትሹ፤ ማሸት እድፉን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ሥራው ምን ጊዜም ከዳር ወደ መሐል ይሁን። የምትጠቀሙበትን ማንኛውንም ነገር አስቀድማችሁ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩ። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳበት ቤት ደግሞ ይህ መልካም ዜና ነው፦ ምንጣፍ የሚወደው ጥቂት ውኃ ነው።

ቅቤና ዘይት፦ ማንኪያ ካነሣው በኋላ የቀረው ላይ የበቆሎ ዱቄት ወይም የሕፃናት ፓውደር ነስንሱና ለጥቂት ሰዓታት ተዉት፤ ቅባቱን ይመጠዋል። ዱቄቱን በደረቁ በደንብ ጥረጉ፤ ርጥበት ካገኘው ይቦካል። ከዚያም ለብ ባለ ውኃ የተበጠበጠ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጨርቅ እየነከራችሁ አስነሡ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም በዚሁ መንገድ ይለቃል።

ቡናና ሻይ፦ በቀዝቃዛ ውኃ እያረጠባችሁ አስመጥጡ። ካልለቀቀ አንድ ማንኪያ ነጭ አቼቶ በሁለት ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ ጨርቅ ንከሩበት፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ አጥሩት።

ደም፦ ሙቅ ውኃ ደምን ያረጋዋል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ተጠቀሙ።

ሻማ፦ እስኪደርቅ ጠብቁና ፍቁት። የቀረውን በነጭ ወረቀት ወይም በጨርቅ ሸፍናችሁ እምብዛም ባልጋለ ካውያ በላዩ አሳልፉ፤ ሰሙ ወደ ወረቀቱ ይወጣል። ጋዜጣ ግን አትጠቀሙ፤ የኅትመቱ ቀለም ወደ ምንጣፉ ይተላለፋል። ምንጣፉ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ከሆነ ሊቀልጥ ስለሚችል ካውያ አይቅረበው።

የስፌት ቀለም፦ ሰፌድና መሶብ ለመስፋት አክርማ የሚነከርበት ዱቄት ቀለም ምንጣፍ ላይ ሲበተን ውኃ አታስነኩት፤ ቀለሙን የሚያነቃው ውኃው ነው። በደረቁ ጠርጋችሁ እስከ መጨረሻው አንሡት። ከሁሉ የሚሻለው አክርማውን ደጅ መንከር ነው።

እኅቶች፤ ከምንጣፍ ይልቅ ውድ የሆነው ጤንነታችሁ ነው። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲቀላቀል ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የሕፃን ሽንት በነካው ቦታ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ጎጂ ነው። ድንገት ከተቀላቀለ ልጆቹን ይዛችሁ ወዲያውኑ ከቤት ውጡ፤ በርና መስኮቱም ይከፈት። በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ እድፍ ማስለቀቅም የቡና ከሰል በሚነድበት ቤት እሳት መጋበዝ ነው። በረኪናን በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ፤ የጠማው ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ የያዘውን አይለይም።

በመጨረሻም የታጠበ ምንጣፍ እንደረጠበ ወለል ላይ አይነጠፍ፤ ይሻግታል፣ ይሸታልም። በአጥር ወይም በገመድ ላይ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ስር ስቀሉት። ይህንንም ለባልና ለደረሱ ልጆች አስተምሩ፤ እርጥብ ምንጣፍ ለአንድ ሰው ከባድ ነው፤ ቤቱም የሁሉም ነው።