ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው?

ጆን ቦግል እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪቃ ለተራው ቆጣቢ ያቋቋመው የኢንዴክስ ፈንድ አሠራሩ ቀላል ነው። ፈንዱ ይህ ኩባንያ ያተርፋል፣ ያኛው ይከስራል ብሎ አይመርጥም፤ ኢንዴክስ በሚባለው ዝርዝር የተጻፉትን ኩባንያዎች አክሲዮን ሁሉ እንደየመጠናቸው ይገዛል። መራጭና መርማሪ ስለማይቀጥር ወጪው አነስተኛ ነው፤ መምህሩም ጡረተኛውም ከባለጠጋው ጋር የገበያው ተካፋይ ይሆናሉ። ይህ መልካም ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ፈንዱ የማይመረምር ከሆነ የሚመረምርለት ዝርዝሩን የሚያወጣው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ከሸጠ በኋላ ወደ ዝርዝሩ መቼ ይግባ የሚለው ጥያቄ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ አይደለም። በገባ ቀን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ቁጠባ፣ ዋጋው ቢወደድም ቢረክስም፣ የግድ ይገዛዋል።

የፌስቡክን ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2012 አንዱን አክሲዮን በ38 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። በሴፕቴምበር ዋጋው ከ18 ዶላር በታች ወረደ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው ዝርዝር ግን ኩባንያውን ያስገባው በዲሴምበር 2013 ነው።

በዚያን ጊዜ ዋጋው ከ38 ዶላር አልፎ ስለ ነበር መጠበቁ ቆጣቢውን ጎድቶታል የሚል ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ አልፎ ነበር። ነገር ግን ቆጣቢው በጭማሪው የገዛው ነገር አለ፤ ይኸውም ማስረጃ ነው። የኩባንያው ሒሳብ ለሁሉ ተገልጧል፤ የቀድሞዎቹ ባለአክሲዮኖች እንዳይሸጡ የታገዱበት ወራት አልፏል፤ ዋጋውም በብዙ ሻጭና ገዢ ተፈትኗል። ትርፍ ያመለጠው ሰው ይቆጨዋል፤ ያልተፈተነውን በግድ የተሸከመ ግን ይጎዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ትልልቅ አዲስ ኩባንያዎችን በጥቂት የገበያ ቀኖች ውስጥ የሚያስገቡ ዝርዝሮችም አሉ። ለእነዚህ ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ያን ጊዜ የሚሸጠው ማነው? ሻጩ የሚሸጥበትን ሰዓት መርጦ፣ ገዢው ግን እንዳይመርጥ ታስሮ ከቀረበ፣ ሚዛኑ አስቀድሞ አጋድሏል።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክም በመጀመሪያ ተመዝግቦበታል። ነገ የደመወዝተኛው ቁጠባ በዝርዝር የሚመራበት ቀን ሊመጣ ይችላል። አዲስ ኩባንያ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የተመረመረ ሒሳብ ለሕዝብ ሳያሳይ እንዳይገባ ደንቡ ከወዲሁ ይጻፍ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ደንብ ለመጻፍ የሚሽቀዳደሙት ሻጮቹ ናቸውና።