ፍላሽ የጠፋበት ሰው ለቅሶ

ባለፈው ሰኞ የሁለት ሳምንት ሥራዬን የያዘ ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ጥዬ ወረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስነጫነጭ ሰነበትኩና ላቭክራፍት ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ።

አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1924 ሊያገባ ከፕሮቪደንስ ወደ ኒውዮርክ ሲነሳ ባቡር ጣቢያ እንቅልፍ ጣለው። በታይፕ የተመታው ድርሰቱ እዚያው ቀረ። ያውም የራሱ ስም የማይወጣበት ድርሰት! «ዊርድ ቴልስ» መጽሔት በአስማተኛው በሃሪ ሁዲኒ ስም ሊያወጣው በ100 ዶላር ያጻፈው ነው። ደግነቱ የእጅ ጽሑፉን ይዞት ነበር። ሙሽሮቹ የጫጉላ ጊዜያቸውን ፊላደልፊያ ላይ ታይፕ ሲመቱ አሳለፉ፤ ሚስቱ ሶንያ ታነባለች፣ እሱ ይመታል። ታይፕ ደግሞ እንደ ጦር የሚፈራው ነገር ነው።

ለሌላው እንዲህ የሚለፋ ሰው የራሱን ሥራ መሸጥ አይሆንለትም ነበር። መጽሔቱ በዚያው ዓመት አዘጋጅ ሁንልን ቢለው ለሥራው ብዬ ቺካጎ አልሄድም አለ። በ1931 ስለ አንታርክቲካ የጻፈው ረጅም ልብ ወለድ ሲመለስበት ቅስሙ ተሰበረ። የሌሎችን ድርሰት እያረመ ኖረ፤ ለወዳጆቹ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፈ። ሥራውን ለመሸጥ አለመሯሯጡን ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። ለእኔ ኩራት ነው፤ ያስራበው ኩራት።

የላቭክራፍት ጭራቆች ሰውን አይጠሉም፤ መኖሩንም ልብ አይሉት። የሚያስፈሩትም ለዚህ ነው። ጥላቻው ያለው እሱው ጋ ነው፤ ስለ ጥቁሮችና ስለ ስደተኞች የጻፈው ይዘገንናል። ሶንያ ራሷ ከዩክሬን የመጣች አይሁዳዊት ነበረች። አድናቂው ነኝ ብዬ ይህን ልሸፋፍንለት አልችልም።

በ1937 በ46 ዓመቱ በካንሰር ሲሞት በመጽሐፍ መልክ የታተመለት አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ እሱም በስህተት የታጨቀ፣ የተጠረዘውም 200 ቅጂ ያህል።

የሁዲኒው ታሪክ መጽሔቱ ላይ የወጣው በሌላ ርዕስ ነው። ላቭክራፍት «ከፒራሚዶቹ ሥር» ብሎት እንደነበር ያወቅነው፣ ጣቢያ የጠፋበትን ጽሑፍ ያገኘ እንዲመልስለት ጋዜጣ ላይ ካስነገረው ማስታወቂያ ነው።

እኔም እግረ መንገዴን፦ ሰኞ ጠዋት ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቀይ ፍላሽ ያገኛችሁ፣ ወሮታውን እከፍላለሁ።