ግልጽ የሆነ ሐሳብ የማን ንብረት ይሆናል?

በአዳማ ሙቀትና አቧራ ኮምፒዩተር ሲያስቸግር፣ ጠጋኙ ወጣት ከተጣለ መሣሪያ ማራገቢያ ነቅሎ፣ በፊቱ የአቧራ ማጣሪያ ጨርቅ ወጥሮ ይገጥምለታል እንበል። የሞጆውም የሻሸመኔውም የሙያ ጓደኛው ሳይመካከሩ ይህንኑ ያደርጋሉ። ታዲያ አንድ ባለገንዘብ ነገሩን በወረቀት አስፍሮ «ፈጠራው የእኔ ነው፤ ያለ ፈቃዴ ማንም አይሥራው» ቢል ሕግ ሊቀበለው ይገባልን?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራበት ለሚችልና በሙያው ተራ ችሎታ ላለው ሰው ግልጽ ላልሆነ ፈጠራ መሆኑን ደንግጓል። የመጨረሻው መመዘኛ የሠራተኛው ጋሻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2007 በኬ.ኤስ.አርና በቴሌፍሌክስ ክርክር፣ እንደ ሾፌሩ ቁመት በሚስተካከል የመኪና ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር መግጠም ለባለሙያ ግልጽ ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ፈርዷል። ፔዳሉም ሴንሰሩም ቀድሞ የታወቁ ነበሩና።

የእኛ ቁስል ግን በጤፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል የተባለ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ሀብታችን ሊጠቀምና ጥቅሙን ሊያካፍል ከአገራችን ተቋማት ጋር ተዋዋለ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ለጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ሰጠ። የፓተንቱ እምብርት ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ መፈጨቱ ነበር! ጤፍን በጎተራ አኑሮ፣ ሲያስፈልግ አውጥቶ ማስፈጨት ለአድአ ገበሬ ምን ምሥጢር አለው? ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ባለቤት ለውጦ ቀጠለ።

በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ርምጃ የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ሻረው። ድል ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደተገኘ እናስተውል። ባለመብቱ አንድ የዳቦ ግብአት አምራች ኩባንያን ከሰሰ፤ ተከሳሹም ጠበቃ አቁሞ ተከራከረ። የገበሬው ዕውቀት ተሰምቶ አልነበረም። ግልጽ ለሆነ ነገር የተሰጠ ፓተንት ገንዘብ ያለው ተከራካሪ እስኪመጣ ድረስ ይጸናል። በዚህ ጉዳይ 11 ዓመት ፈጅቷል። የአዳማው ጠጋኝ ለአንድ ወር የሚሆን የጠበቃ ዋጋ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ጥያቄው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ መመለስ አለበት። መርማሪው በይበልጥ የሚያገላብጠው በጽሑፍ የሰፈረውን ነው፤ የእጅ ሙያ ግን አብዛኛው አልተጻፈም። «በሙያው ተራ ችሎታ ያለው ሰው» የሚለው ሐረግ በወርክሾፕ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው ነውና ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አዋጁ አነስተኛ ፈጠራ ለሚለው የፈጠራ ርምጃ አይጠይቅም። ለትንሹ ሠሪ የተከፈተ በር ስለሆነ አንቃወመውም። ሆኖም ማራገቢያውን በስሙ የሚያስመዘግብ ጎረቤትም በዚያው በር ሊገባ ይችላል። የአዳማ ጠጋኞችና የብረት ሠራተኞች የሚሠሩትን በሥዕልና በቀን እየመዘገቡ በማኅበራቸው መዝገብ ቢያኖሩ፣ ሥራው ቀድሞም በእጃቸው እንደነበረ ማስረጃ ይኖራቸዋል። ለዚህም ደብተርና እርሳስ ይበቃል።