ኢንሱሊንና የገጠር ነርስ

ከሐኪም ቤት ርቆ በሚገኝ ቀበሌ የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ሕይወቱ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም በመድኃኒቱ፣ በእናቱ እጅና ያችን እጅ ባስተማረችው ነርስ ዕውቀት ነው። ስለ መድኃኒቱ ብዙ ሲነገር ስለ ነርሷ ዕውቀት የሚነገረው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በዛሬው ዓምዳችን ይህን ልናነሣ ወደድን።

ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ በፍሬድሪክ ባንቲንግና በቻርልስ ቤስት የተገኘው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ነው። በ1922 ዓ.ም. ጥር ወር ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርፌ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። በአገራችንም በ1954 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ ሕዝብ የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኗል። በኋላም በጎንደርና በጅማ አካባቢ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች የስኳር ሕሙማንን በሚገባ ለመከታተል እንደሚችሉ በሥራ አሳይተዋል።

ነርስ ከሁሉ አስቀድማ የመድኃኒቱንና የስሪንጁን ልክ ማስተያየት ይገባታል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው ኢንሱሊን አለ፤ 40 ዩኒት ያለውም አለ፤ ስሪንጃቸውም ልዩ ልዩ ነው። ባለ 100ውን ለባለ 40 በተሠራ ስሪንጅ የቀዳ ሰው፣ 10 ዩኒት የወጋ ሲመስለው 25 ዩኒት ይወጋል። ይህም ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል።

ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ በረዶ የሠራ ግን ቢቀልጥም መጣል አለበት። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሳምንት ያገለግላል። የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት ቤት፣ ብልቃጡን ውሃ እንዳይነካው አድርጎ ውጭው ዘወትር በሚርስ የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ማኖር ይረዳል። እናቶቻችን የመጠጥ ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙበት ጥበብ ይኸው ነው።

መርፌው የሚወጋው ከቆዳ በታች ባለው ስብ፣ ማለት በሆድ፣ በጭን፣ በመቀመጫ ወይም በላይኛው ክንድ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቢወጋ ሥጋው ያብጥና ይጠጥራል። ሕመሙ ስለሚቀንስ ልጁ ያንኑ ቦታ ይወደዋል፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በአግባቡ ወደ ደም አይገባም። ስለዚህ ከትናንቱ ቦታ ቢያንስ የአንድ ጣት ስፋት መራቅ ያስፈልጋል። የአንዱን መርፌ ለሌላው ማዋስ ፈጽሞ አይገባም።

መርፌ ተወግቶ ምግብ መተው አደጋ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መምታታት ሲታይ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው ማጠጣት ነው። ራሱን የሳተውን ግን በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ እንጂ በአፉ ምንም መስጠት አይገባም፤ ያንቀዋልና። ጾም ሲገባም አስቀድሞ ከነርስ ጋር መመካከር ይገባል። በሌላ በኩል፣ ልጁ ታሞ መብላት አቃተው ብሎ መርፌውን ጨርሶ ማቋረጥ ለሞት ያደርሳል።

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ተነግሮ አይዘልቅም። እናቲቱ በነርሷ ፊት በገዛ እጅዋ ቀድታ ስትወጋ መታየት አለባት፤ በየቀጠሮውም ነርሷ የተወጋውን ቦታ በጣቷ ብትዳስስ መልካም ነው። ነርሷም ብትሆን የተማረችው ከብዙ ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱና ስሪንጁ ሲለወጡ የእርሷ ትምህርት ሳይታደስ ቢቀር፣ ጉድለቱ ብቻዋን ወደ ገጠር የላኳት ሰዎች ነው። መድኃኒት ለመላክ የሚተጋ ሁሉ የሚያስተምረውንም ዕውቀት አብሮ እንዲልክ አደራ እንላለን።