ሃሪ ዲን ስታንተን አልዘገየም

አሜሪካዊው ተዋናይ ሃሪ ዲን ስታንተን (እ.ኤ.አ. 1926–2017) ሲወሳ፣ ዕድል ዘግይታ የጎበኘችው ሰው ተደርጎ ነው። እኔ አልስማማም።

እርግጥ ነው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ «ገንስሞክ»ን በመሳሰሉ የቴሌቪዥን ድራማዎች ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰው ነበር። በ«ኤሊየን» (1979) ድመት ሲፈልግ ይሞታል። በቪም ቬንደርስ «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» (1984) መሪ ተዋናይ ሲሆን ዕድሜው ወደ ስልሳ ተጠግቶ ነበር።

ግን ያንን ፊልም ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ትራቪስ ከበረሃ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ ቃል አይተነፍስም። ኋላ የተለያትን ሚስቱን ከመስታወት ማዶ ያገኛታል፤ እሱ ያያታል፣ እሷ አታየውም። ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ የሁለቱን ታሪክ እንደ ባዕድ ሰው ታሪክ በስልክ ይተርክላታል። (የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነኝና ውሎዬ ከመስታወት ጀርባ ነው፤ በመስታወት የተጋረደ ሰው ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ አውቃለሁ።) ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት በሦስት ዐረፍተ ነገር ሙሉ ሰው መሥራትን የተለማመደ ካልሆነ፣ ያንን ዝግታ ማን ይችለዋል? እነዚያ ጥቃቅን ሚናዎች ጥበቃ አልነበሩም፤ ሥራው ራሱ ነበሩ ባይ ነኝ።

በ«ለኪ» (2017) መጨረሻ፣ በዘጠና ዓመቱ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት አይቶ ፈገግ ይላል። ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።